ከሟቹ ባለቤቴ ስለሰረቅኋቸው ዓረፍተ ነገሮች

ይድረስ ለኮሌጁ የጽሑፍ ሥነ ምግባር ኮሚቴ የተከበሩ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለኮሚቴው አባላትና እንቅልፍ ለማያውቀው የጽሑፍ ማመሳከሪያ ፕሮግራማችሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤንነትዎ እንደሚመኙት ይሁንልዎ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቢያንስ ደህና አይደለሽም ያለኝ የለም፤ እንዴት አደርሽ የሚለኝም ስለሌለ ነገሩን በዚሁ ትቼዋለሁ።

በማታው ክፍል የምማር፣ በዕድሜ ብዙዎቹን መምህሮቼን የምበልጥ፣ ባሌ የሞተብኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ስላለ ጉርብትና ያቀረብኩት ጽሑፍ ሲሦው ከሌላ ሰው የተቀዳ መሆኑን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፋችሁ ለክፍል ጓደኞቼ ስላበሠራችሁልኝ፣ እኔም መልሴን እዚያው ሰሌዳ ላይ ማቅረብ ጨዋነት መስሎ ታየኝ።

1. ምስጋናዬን ላስቀድም። የተቀዳው የማን ጽሑፍ እንደሆነ የኮሚቴው ጸሐፊ ስትነግረኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የባለቤቴ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛ ሳለ እዚሁ ኮሌጅ በማታ ይማር እንደነበር፣ ዛሬ ሩቅ አገር ያለችው ልጃችን ስትወለድም እንዳቋረጠ አውቃለሁ፤ ጽሑፍ አስገብቶ እንደነበር ግን አንድም ቀን አልነገረኝም። ከሞተ ወዲህ በእጁ የጻፈው ነገር ቢገኝ ብዬ ቤቱን ሁሉ፣ የኮቱን ኪስ ሳይቀር፣ በርብሬ ያገኘሁት የመለዋወጫ ደረሰኝ ብቻ ነው። እናንተ ግን የድሮ ተማሪዎችን ጽሑፍ ሁሉ ፕሮግራሙ ውስጥ ስላስገባችሁ ሳትፈልጉት አገኛችሁት። እግዜር ይስጥልኝ።

2. ተመሳሰሉ ከተባሉት ዓረፍተ ነገሮች አንዱ “ጎረቤት ማለት ሳልህን ከግድግዳ ማዶ ሰምቶ ማን እንደሆንክ የሚያውቅ ነው” ይላል። ይህን የራሴ ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት። አሁን ሳስበው እራት ላይ እሱ ያለው ሊሆን ይችላል፤ እኔ ብዬው እሱ ወስዶትም ሊሆን ይችላል። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ገበታ ላይ ስንጨዋወት የትኛው ቃል የማን እንደሆነ ምልክት አላደረግንበትም። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲባል ሰምተናል፤ ባሕሩ ዋቢ እንደሚያስፈልገው ግን የነገረን አልነበረም።

ኮሚቴው የእሱንና የእኔን ለይቼ በሁለት ቀለም አስምሬ እንዳቀርብ አዟል። ሞክሬያለሁ። በሥራዬ ያልተረተርኩት ስፌት የለም፤ ይህኛው ግን አልፈታ አለኝ። ከግድግዳው ማዶም አዲስ ተከራዮች ገብተዋል፤ ሳሌን ገና አያውቁትም።

3. በግርጌ ማስታወሻ “ከባለቤቴ ጋር ከተደረገ ጭውውት የተወሰደ” ብዬ ልጥቀሰው ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ የቃል ምንጭ ተናጋሪው በፊርማው ካላረጋገጠው አይታመንም ተባልኩ። ደንቡ ትክክል ነው። ተማሪ ሁሉ ያልተባለውን ተባለ እያለ፣ የሰውን ላብ የራሴ ነው እያለ ከጻፈ ትምህርት ምን ላይ ይቆማል? ይህን ስል አላሾፍኩም። ችግሩ ፊርማውን ለማምጣት መንገዱ ሩቅ መሆኑ ነው፤ ብሄድም ተመልሼ ለኮሚቴው ማስረከቤን እጠራጠራለሁ።

4. እንግዲያውስ ጽሑፉን አሳዩኝና ላመሳክር ብል፣ የሌላ ተማሪ ሥራ በምስጢር የሚጠበቅ ነው አላችሁኝ። ሚስቱ መሆኔም አልረዳኝም። በዚያ ሳምንት ከጸሐፊዋ በቀር ያነጋገረኝ ሰው ስላልነበረ ቶሎ ለመሄድ አልቸኮልኩም፤ እሷም ደግ ናትና ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበበችልኝ። አንዱ አንቀጽ ላይ ስትደርስ ድገሚልኝ አልኳት። ክሱን የካደ ተማሪ የተቀዳበትን ጽሑፍ አያይም፤ ጥፋቱን አምኖ የፈረመ ግን ለአንድ ዓመት ከትምህርት ታግዶ፣ ከስህተቱ ይማር ዘንድ የዋናው ጽሑፍ ሙሉ ቅጂ ይሰጠዋል።

ስለዚህ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ ሰርቄአለሁ። እጅ ከፍንጅ ተይዣለሁ። የፈረምኩበት የእምነት ቃል ከዚህ ጋር ተያይዟል። ይህ የማታ ትምህርት ከቤት የሚያስወጣኝ ብቸኛው ነገር ነበር፤ እገዳው ያመኛል፤ ቢሆንም ተቀብዬዋለሁ። የባለቤቴን ጽሑፍ ሙሉውን፣ መምህሩ በቀይ የሰረዘበትም ካለ እሱኑ ሳትተዉ፣ እንድትልኩልኝ እለምናለሁ። ናፍቆኛል። እኔ የማላውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ቢገኝበት ለዓመቱ ይበቃኛል።

የኮሚቴው ዓይን ከዚህም በላይ እንዲበራ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከተያዘ ሌባ ትሕትና ጋር፣

የማታው ክፍል ልብስ ሰፊ፣
የቧንቧ ሠራተኛው ሚስት

ማሳሰቢያ፦ በላካችሁልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ የሌላ ኮሌጅ ስም ሳይሰረዝ ቀርቷል። ደብዳቤው ከየት እንደተቀዳ የሚጠቁም ዋቢ ፈልጌ አጣሁ። ከዚህ ሰሌዳ በቀር ለማንም አልተነፈስኩም። ከዚያ ኮሌጅ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት አብራችሁ እራት በልታችሁ ከሆነ ግን፣ እኔ ልወቅሳችሁ አልችልም።