ስለማይጮኸው ውሻ ለዘርፉ

አዳማ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለዘርፉ፤
ሻሸመኔ፣ እህትሽ ቤት

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ያን ብርድ እንዴት ቻለው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የጎደለኝ ነገር የለም። የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ራህመቶ ነው። «የጎደለኝ የለም የምትለውን ልተወው እንዴ?» አለኝ። ያልኩህን ጻፍ አልኩት።

ስደውል አታነሺም። አልፈርድብሽም፤ ስልክ ስይዝ እጮሃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ወንጂ ሸንኮራ ሳጠጣ፣ ከአንዱ ቦይ ወደ ሌላው ስጣራ ኖሬ ጉሮሮዬ እንደዚያው ቀረ።

የማስጽፈው ስለ ቡቤ ነው። ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ፣ «የማይጮህ ውሻ ምን ይሠራል? እስቲ ንገረኝ!» አልሽ። መልሱን ሳትሰሚ ባጃጅ ውስጥ ገባሽ። ሰው ጠይቆ እንዲህ አይሄድም። መልሱ ይኸውልሽ።

ይህ ውሻ ለሌባ የተፈጠረ አይደለም። የወንድሜ ልጅ ቢኒያም ከጅቡቲ በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ አቅፎ ያመጣው ጊዜ፣ የሰጡት አረቦች ሳሉኪ ይሉታል ብሎ ነግሮን ነበር፤ አንቺ ወጥ እያማሰልሽ አልሰማሽም። ዘሩ የጥንት ነው። የግብፅ ነገሥታት መቃብር ግድግዳ ላይ ሥዕሉ አለ። ራህመቶ በስልኩ አሳየኝ፤ ያው የእኛው ቡቤ! ያው ቀጭን ወገብ፣ ያው የተንጠለጠለ ጆሮ። በረሃ ላይ ሚዳቋ የሚያሳድደው በአፍንጫው ሳይሆን በዓይኑ ነው። ከሩቅ ያያል፣ ዝም ብሎ ይነሣል። ቢጮህማ አደኑ ያመልጠዋል። ሌላ ውሻ ደጃፋቸው የማያስደርሱ የበረሃ ሰዎች ይህን ድንኳናቸው ውስጥ ያስተኙታል አሉ። «እኔ ግን አላስተኛውም» ይላል ራህመቶ። ማን ጠየቀው?

ፍራሹን ደግሞ ልንገርሽ። በቆዳውና በአጥንቱ መሀል ስብ የለም። ሲሚንቶ ላይ ከተኛ ክርኑ ይቆስላል፤ የናዝሬት ነፋስም አይምረውም። ለዚህ ነው የጥጥ ፍራሽሽን ያነጠፍኩለት። አንቺ ግን «ለእኔ ጉልበት ብለህ ፍራሽ አንጥፈህ ታውቃለህ?» አልሽ። እኔ ስለ ውሻ ሳወራ አንቺ ስለ ጉልበት።

የሰፈሩ ሰው ቀን እሰረው፣ ማታ ፍታው ይለኛል። ያ ለሌላ ውሻ ነው። ይህ ከታሰረ እግሩ ይበላሻል፤ መሮጥ አለበት። በልቶ ግን አይሮጥም፣ ሆዱ ይነፋል። ሥጋውን በትንሽ በትንሹ፣ ጠዋትና ማታ እሰጠዋለሁ። ጆሮው ውስጥ የሣር እሾህ እንዳይገባ እያየሁ እጠርጋለሁ።

ጠባዩ ኩሩ ነው። የመጣ ሰሞን ጫማዬን ጎትቶ ወሰደና ጮህኩበት። አልነከሰኝም፣ አልሸሸኝም። ጥግ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምግብ ባቀርብለት አላይ አለ። አጠገቡ ተቀምጬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሳናግረው ሳናግረው ዋልኩ፤ ማምሻውን በላ። ከዚያ ወዲህ የማናግረው እንደዚያ ነው።

አንድ ቀን እንደዚያ ሳናግረው ከጓዳ ሆነሽ ሰማሽና «እንግዳ መጣ እንዴ?» ብለሽ እጅሽን እየጠረግሽ ወጣሽ። እንግዳ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። አየሽኝና ወደ ጓዳ ተመለስሽ። በሳምንቱ ሄድሽ። ሰፈሩ «በውሻ የተነሣ ሄደች» ይላል። እኔም ሲጠይቁኝ እንደዚያ እላለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ወንጂ መንገድ ላይ ጥንቸል አየና ሸንኮራው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ተጣራሁ። የሸንኮራው ዘበኛ ፉፋ እየሳቀብኝ መጣ። «ኦቦ መርዳሳ፣ ድምፅህ ሞጆ ደረሰ፤ ውሻው ግን እየራቀልህ ነው! የሚጠራውን ድምፅ እየሸሸ እንደሆነ አይታይህም?» አለኝ። ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። ቦዩ ዳር ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ አልተጣራሁም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቡቤ ከሸንኮራው ወጣ፤ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ መጥቶ አገጩን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

እህትሽ «ሽማግሌ ይላክና እንይ» ብላለች ሲሉ ሰማሁ። አልልክም። ሽማግሌ ከላክሁ እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ወሬ እጠብቃለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ። ቢኒያም ወደ ሐዋሳ ጭነት ስላለው ጠዋት አድርሶኝ፣ ማታ ሲመለስ ይወስደኛል። ደጃፍ ላይ ስምሽን እየጠራሁ አልጮህም፤ ጎረቤት አይሰማም። አጥሩ ሥር እቀመጣለሁ። ካልወጣሽ መኪናው ሲመጣ እሄዳለሁ፤ አንድም ቃል አልናገርም። ከወጣሽ ቀስ ብዬ የምነግርሽ አለኝ።

ራህመቶ «ምንድን ነው? ንገረኝ እኔ አሳምሬ ልጻፈው» እያለ ይነዘንዘኛል። ይህኛውን ማንም አይጽፍልኝም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ያኑርሽ። ጠዋት ጠዋት ብርድ ላይ አትውጪ። እህትሽንም፣ ብታማኝም፣ ሰላም በያት።

ባልሽ መርዳሳ ኦሊቃ
(ጣቴን ቀብቼ አትሜበታለሁ)