ከበሩ ሁለተኛው ገመድ

ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጻፈው ለማን ነው? ቀብሮ የተመለሰ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። ለሟቹ ነው እንዳንል አያነበውም። ለራሳችን ነው እንዳንል የምናውቀውን ነው የምንጽፈው። እኔም ስንት ጊዜ ጀምሬ የተውኩት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ግን አንቺ ያልሰማሽው ወሬ አለኝ፤ ለዚያ ነው የተቀመጥኩት።

እታለሜ፣ «እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ ልጀምር ነበር። እጄ ልማዱን አልተወም። ከተለያየን አምስተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ደብረ ማርቆስ እንደምታውቂያት ናት፤ ጠዋት ጭቃ፣ ከሰዓት ነፋስ፣ ማታ ጋቢ። እማ ከአምበር መጥታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። አልጋሽ ላይ ተኚ ብላት እምቢ ብላ መደቡ ላይ ነው የምትተኛው። ቦቲ ጫማሽን ልጥለው ብዬ ነበር፤ አንደኛው ተቀዶ የለ? እማ ነጠቀችኝና አፈር ሞልታ ጤና አዳም ተከለችበት። አሁን ደጃፋችን ላይ ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ ያያል፣ ይስቃል። እሷ አትስቅም። «ልጄ የቆመችበት ነው» ትልና ውሃ ታጠጣዋለች።

እኔ ተመርቄያለሁ። በሥራ አመራር። የምርቃት ጋዋኔን የተኮሰችልኝ የላውንደሪው ባልንጀራሽ እትዬ ጥሩዬ ናት። ተኩሳ ከጨረሰች በኋላ ዘርግታ አየችውና «አመራር ተምረህ ማንን ልትመራ ነው? የሚመራ ሰው ስታገኝ ንገረን» አለችኝ። እስካሁን አላገኘሁም። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። መቀመጥ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ሽሮው እስኪበስል ክዳኑን ደጋግሜ የምከፍት፣ «ቀልቃላ» እያልሽ በማንኪያ እጄን የምትመቺኝ ወንድምሽ ነኝ። አልተለወጥኩም።

ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው እንዲያነበው ስለምፈልግ፣ አንቺ የምታውቂውን ጭምር መተረክ አለብኝ። ታገሺኝ።

ትሠሪ የነበረው ከክሊኒኮችና ከሆቴሎች አንሶላ ሰብስቦ የሚያጥብ ላውንደሪ ውስጥ ነው። ማሽን አለ ይባላል። ማሽኑ የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው፤ መብራት ኖሮም ደስ ሲለው። የቀረው በሴቶቹ እጅ ይታጠባል። በግቢው፣ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር፣ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ አንድ ገመድ ተወጥሮላታል። ያንቺ ከበሩ ሁለተኛው ነበር። ካቦው ጠዋት ሰው አይቆጥርም። ከሰዓት በኋላ ይመጣና ገመዶቹን ያያል። ገመዱ ከሞላ ባለቤቷ ገብታለች፣ ሠርታለች። አለቀ።

ኮሮና ሲመጣ ከለይቶ ማቆያ የሚመጣ አንሶላ ተጨመረባችሁ። ጓንት ጠየቃችሁ፤ አንድ አንሶላ ሲጨመቅ የሚተረተር ስስ ጓንት መጣ። ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ግን ከጓንት የከበደ ነበር። ያመማት ሴት ቤቷ ትቀመጥ፤ እስክትድን ቦታዋ ለሌላ አይሰጥባት። ይኸው ነው ጠቅላላው። መጀመሪያ ሰሞን «አመመኝ» ብላ የቀረች አንዲት ልጅ ድና ስትመለስ ገመዷ ላይ ሌላ ሴት ስታሰጣ አገኘቻት። ከዚያ ወዲያ የታመመ ሁሉ ዝም አለ።

ጥያቄውን ለላውንደሪው ባለቤት ያቀረብሽው አንቺ ነሽ። የተመለሰልሽንም ቤት መጥተሽ በሳቅ ነው የነገርሽኝ፤ ሳቅሽ ግን አላማረኝም። ባለቤቱ «ከመካከላችሁ ታሞ የቀረ አለ እንዴ?» ብሎ ወደ ካቦው ዞረ። ካቦውም «አንድ ቀን ገመድ ጎድሎ አላየሁም» አለ። ሐሰት አልነበረም። አልጎደለም።

ያልጎደለው በወንፈል ነበር። አምበር ላደግን ሰዎች ወንፈል ምን እንደሆነ አይነገረንም፤ ዛሬ ያንተን ማሳ አብረን እናጭዳለን፣ ነገ የእኔን፣ የተሠራልህን በጉልበትህ ትመልሳለህ። ያንን ከአጨዳ ወደ አንሶላ ያመጣሽው አንቺ ነበርሽ። አንዷን ትኩሳት ሲይዛት ሌሎቹ ድርሻዋን ያጥባሉ፣ ገመዷን ይሞሉላታል። ስትድን በተራዋ ትመልሳለች። በዚያ ክፉ ጊዜ ስንት ሴት ቦታዋን እንዳላጣች አውቃለሁ፤ በየበዓሉ እየመጡ ለእማ ይነግሯታል። ሆኖም ስንት ጊዜ ሳወጣ ሳወርደው ከርሜ እዚህ ላይ ደረስኩ። ደግነታችሁ ደበቃችሁ። በሽታው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ገመዱ ሙሉ ነበር። ልትጠይቁ ስትቆሙም ገመዱ መሰከረባችሁ።

ያቺን ጠዋት አልረሳትም። ትኩሳት ነበረብሽ። ሳልሽ ከጓዳ ይሰማ ነበር። «ዛሬ ቅሪ» አልኩሽ። ብርቄም ታማ ቤቷ ተኝታ ነበር። አንሶላ ለብቻ አይጨመቅም፤ ብርቄ ሌላኛውን ጫፍ የምትይዝልሽ ባልንጀራሽ ናት። እማ ታማ አምበር ስትመላለሺ ገመድሽን የሞላችልሽ እሷ ነበረች፤ አሁን ተራው ያንቺ ነው። «እሷ ሞልታልኛለች፤ እኔ እንዴት ብዬ እቀራለሁ?» አልሽና ደፉ ላይ ተቀምጠሽ ቦቲሽን አጠለቅሽ። ፊቴን አይተሽ ነው መሰለኝ «አይዞህ፣ ሳሌ ጠቅሞኛል። ባጃጅ ውስጥ አንድ ጊዜ ኡሁ ስል ወንበሩ በሙሉ የእኔ ነው» ብለሽ አሳቅሽኝ። ሄድሽ። የብርቄንም ሞላሽ፣ ያንቺንም ሞላሽ። ስትመለሺ ግድግዳውን ተደግፈሽ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣሽም።

በጥቂት ሰው ቀበርንሽ። የእድሩ ጥሩንባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተጣለም። ባልንጀሮችሽ እንዳይመጡ ተከለከሉ። ምን እንዳደረጉ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ገመድሽን ሞሉልሽ፣ እታለሜ። ሌላ የሚያደርጉልሽ ስላጡ፣ እንባቸውን በክርናቸው እየጠረጉ አንሶላሽን አጥበው፣ ጨምቀው፣ ዳር እስከ ዳር አሰጡልሽ። ካቦው ከሰዓት በኋላ መጣ፣ አየ፣ ሙሉ ነው፣ ሄደ። እኛ አፈር ስናለብስሽ አንቺ እዚያ ሥራ ላይ ነበርሽ።

ይህን የሰማሁ ቀን ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ።

ከተመረቅኩ ጀምሮ ሴቶቹን መነዝነዝ ያዝኩ። የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም፣ ሕጉ ይፈቅዳል፣ በቂ ሰው አላችሁ፣ አንዷ ብቻዋን ስትጠይቅና ሁላችሁ በአንድ ስም ስትጠይቁ አንድ አይደለም። ወደ ግቢው ስገባ ገና ከሩቅ አይተውኝ «አቶ ምሩቅ መጣ! አንሶላችሁን ደብቁ፣ ፊርማ ያስፈርምበታል» ይባባላሉ። ሻይ ያጠጡኛል፣ ይሰሙኛል፣ ይሸኙኛል። ፊርማ የለም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሳይጠና የኮሌራ ወሬ ከቆላው በኩል መጣ፤ ቀጥሎ በሽተኞቹ መጡ። ለእነሱ ድንኳን ተተከለ፣ አንሶላውም ወደ ላውንደሪው ይላክ ጀመር። በዚህ ጊዜ በከረጢት ታስሮ ነው የሚመጣው፤ ከኮሮና ይህን ተምረናል። የታመመችን ሴት ቦታ ስለመጠበቅ ግን የተማረ አልነበረም። አንድ ማለዳ ብርቄ ራሷ ድንኳን ውስጥ ገባች፣ ግሉኮስ ተሰቀለላት። ሦስት ልጆች እንዳሏት ታውቂያለሽ፤ ባሏ ከሄደ ወዲህ የምታሳድጋቸው በዚያች ገመድ ነው። ገመዷ ከሄደ የልጆቹ እራት ሄደ።

እኔ ስደርስ ሴቶቹ አንሶላዋን ተከፋፍለው መዘፍዘፍ ጀምረው ነበር። ሳይነጋገሩ። ማን ይነጋገራል? ወንፈል ነው።

«አትሙሉላት» አልኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው ነበርና ያልተሰማሁ መስሎኝ ደገምኩት። ተሰምቻለሁ ለካ። ከሁሉ ታናሿ፣ ዛሬ ከበሩ ሁለተኛው ገመድ የእሷ ነው፣ ቀና ብላ «አንተ ገመድ የለህም። ምን ይጎድልብሃል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሌላዋም «ብርቄ ከድንኳን ወጥታ ቦታዋን ብታጣ ያንተ ዲግሪ ያጥብላታል?» አለች። ልወጣ ዞርኩ።

ያስቆመችኝ እትዬ ጥሩዬ ናት። እጇን ከመዘፍዘፊያው አወጣች። «በእናኑ ጊዜ ሞላን» አለች፤ ስምሽን ጠርታ። «የቀበርናት ቀን እንኳ ሞላን። ማን አወቀልን?» እኔም ነዝናዛ ነኝና ማንም ሳይቀድመኝ ተናገርኩ። ወንፈሉ አይቅር፣ ወደ ብርቄ ቤት ይሂድ። ውሃዋን መቅዳት፣ ለልጆቿ ማብሰል፣ ድንኳኑ በር ላይ መጠየቅ። ገመዷ ግን ይጉደል፣ እንደጎደለች ይታይ። ያቺው የሰደበችኝ ልጅ የብርቄን አንሶላ ከመዘፍዘፊያዋ አውጥታ ወደ ከረጢቱ መለሰችው። «ልጆቿ ማታ እኔ ጋ ይደሩ» አለች። በቃ፣ በዚህ ተወሰነ።

ከሰዓት በኋላ ካቦው መጣ። ባዶው ገመድ ፊት ቆመ።

«የብርቄስ?»

«ድንኳን ውስጥ ናት። ኮሌራ ይዟት።»

«ታዲያ አትሞሉላትም እንዴ?»

እታለሜ፣ ያን ጊዜ ነው የገባን። ለካ ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ያንቺንም ቀን ጭምር፣ ያውቅ ነበር። እሱም ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ። ይጮሁበታል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጮሁም። እትዬ ጥሩዬ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስንሞላ ታየን ነበር?» ብቻ አለችው። መሬት መሬት እያየ «እኔም እኮ ተቀጣሪ ነኝ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ግን ስንት ዓመት ክፉ እንዲሆንልኝ ስመኝ ኖሬያለሁ፤ ቢሆን ለንዴቴ ቦታ አገኝለት ነበር።

ባለቤቱ ነገሩን ሲሰማ «ወይ ሙሉ፣ ወይ ሌላ ሰው አስገባበታለሁ» አለ። አልሞሉም። በማግሥቱ ሌላ ሴት አመማት፤ የእሷም ገመድ ባዶ ዋለ። አንሶላ ያጠራቸው ክሊኒኮች መደወል ጀመሩ። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ አትጠይቂኝ፤ ብርቄ ቦታዋን ብታጣ ጥፋቱ የኔ ምላስ ነው። ሴቶቹ ግን ማታ ማታ በተራ ብርቄ ቤት ገብተው ያበስላሉ፣ ልጆቿን ያጥባሉ። በኋላ ባለቤቱ ሁሉንም ጠርቶ ያንኑ የድሮ ጥያቄውን ጠየቀ፤ «እውነት የታመመ አለ?» ወደ ካቦው ዞረ። ካቦው ኮፍያውን አወለቀ። «አለ ጌታዬ። ድሮም ነበረ» አለ።

የብርቄ ቦታ ተጠበቀላት። በቃል ነው፣ ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ባለቤቱ ሲወጣ «ማኅበር ምናምን የሚባል ግን እንዳልሰማ» ብሎ ነው የወጣው። ስለዚህ አላለቀም፤ ነገ ሌላ ሰው ቢታመም ቃሉን የሚያስታውሰው ማን ነው? ብርቄ ባለፈው ሳምንት ከስታ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት ተመለሰች። የመጀመሪያውን አንሶላ ስትጨምቅ ሌላኛውን ጫፍ እኔ ያዝኩላት። ክንዴ ዛለ። «የእናኑ ወንድም፣ ትንሽ ጠንከር በል እንጂ» ብላ ሳቀችብኝ። ቀጥላ ስምሽን ስለጠራች አለቀሰች። አንሶላውን ግን አልለቀቀችም።

አሁን ይፈርማሉ። የማኅበሩ ምሥረታ ስብሰባ መስቀል ሳይደርስ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ካቦው ለብቻዬ ጎትቶኝ «ካቦ አባል መሆን ይችላል?» ብሎ ጠይቆኛል። ሕጉን አንብቤ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ፤ የሚችል አይመስለኝም፣ ግን መጠየቁን ወድጄለታለሁ። ታናሿ ልጅም አንድ ነገር ለመነችን። ዋዜማውን ሁሉም የታጠበውን አሰጥቶ ያድራል፤ የእሷ ገመድ፣ ያንቺ ገመድ፣ ግን ባዶ ይደር አለች። «በሞተችበት ቀን አልጎደለችም። ያን ቀን ትጉደል።»

የምረሳሽ እንዳይመስልሽ። ደጃፉን ባለፍኩ ቁጥር ጤና አዳሙ ልብሴን ይነካኛል። አንቺ እንደማትመልሺልኝም አውቃለሁ፤ ስለዚህ መልሱን ሌላ ሰው ይስጠኝ። ይህን የምታነቡ አጣቢዎች፣ ጽዳት ሠራተኞች፣ አልጋ አንጣፊዎች፣ በያላችሁበት ታሞ ያልጎደለ፣ ሞቶም ያልጎደለ ባልንጀራ ካላችሁ ስሙን ጻፉልኝ፤ እሑድ ዕለት አነበዋለሁ። መምጣት የምትችሉ ደግሞ ኑ። ግቢው አይጠፋችሁም። አንሶላ የተሰጣበትን ቤት ጠይቁና ግቡ፤ ከበሩ ሁለተኛው ገመድ ባዶ ነው።

ቀልቃላው ወንድምሽ፣
ይበልጣል