ቩክ የተባለው ልጃችን

ደባርቅ፣ መስከረም ፳ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሚሎሽ፦

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ከደጅህ ይድረስ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝና ይህን ያለ አስተርጓሚ ታነበዋለህ።

ልጃችን ትናንት ክርስትና ተነሣ። ወደ አገርህ ስትሄድ የመረጥክለትን የሰርቢያ ስም ለአባቴ ብነግራቸው፣ "ቩክ ማለት ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ተኩላ ማለት ነው" አልኳቸው።

"መሪጌታ ሆኜ የልጅ ልጄን በአውሬ ስም ልጥራ?"

"በአባቱ አገር ታላላቆቹ ለሞቱበት ልጅ ይህ ስም ይወጣለታል፤ ሞት እንዲፈራው ነው። እኛም ሁለት ቀብረናል። ደግሞስ የእርስዎ አባት ስማቸው አንበሴ አልነበረም?"

አባቴ ሳቁ። ቄሱ ገብረ ኪዳን ብለው አጠመቁት። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን አባቴ ልጁን ከፍ አድርገው ይዘው በሕዝቡ ፊት "ቩክ ሚሎሽ" ብለው ጠሩት። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ በገበያው መካከል አለፍኩ።

ክረምቱ ወጥቷል፤ ሊማሊሞም ለመኪና ተከፍቷል። "አባቱ መቼ ይመጣል?" ለሚሉኝ፣ "መንገድ ላይ ነው" እላቸዋለሁ። የልጅህ ስም በእናንተ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አንዲት መስመር ብቻ ጽፈህ ላክልኝ።

ከነልጅህ በናፍቆት ደኅና ሁን የምትልህ፣
ሚስትህ ሸጊቱ