ስፖንጁን ይውሰዱ፣ ካላማዳሪዬን ይመልሱልኝ

ለክቡር አቶ እዮኤል
የለምለም ቦይ ፕሮጀክት የሁለት ጎማ ስምሪትና ክትትል ዴስክ ኃላፊ
ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የኋላ ጎማ ዕረፍትን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ለመላው የቦዩ ተጠቃሚ ሕዝብ በጥልቅ ሐዘን የማሳውቀው፣ በዴስክዎ መልካም ፈቃድ የተሰጠኝ ዘመናዊ የተራራ ብስክሌት የኋላ ጎማ፣ ባለፈው ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዋርካው መታጠፊያ ሲደርስ አንዲት የቁርቁራ እሾህ ገብታበት በድንገት ማረፉን ነው። ሟች የሦስት ወር ዕድሜ ነበረው። ከአንድ የፊት ጎማና ከአንድ የሚይዝ ፍሬን በቀር ዘመድ አልተወም።

ከሰላምታ መርዶ በመቅደሙ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የሸዋ ሮቢት ፀሐይ መጋረጃዎን አልፋ አላስቸገረችዎትም? እኛ እርስዎ እንዳይሞቅዎ ከመጸለይ በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በማኅበራችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሚያነቡና እኔን ለማያውቁ ሰዎች ራሴን ላስተዋውቅ። የዚህ ቦይ የውሃ አባት ነኝ። የውሃ አባት ማለት ልጆቹ ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚጠሙበት አባት ማለት ነው። ቦያችን ከወንዙ መጥለፊያ እስከ ጅራቱ ስድስት ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ዘጠኝ በሮች አሉት፤ የአንዱ ገበሬ ተራ ሲያበቃ በሩን ዘግቼ ለሚቀጥለው የምከፍተው እኔ ነኝ። የውሃ አባት በአካል ሳይደርስ በር አይዘጋም፣ በር አይከፈትም። ይህ ሕግ ከብዙ የዱላ ምክክር በኋላ የወጣ ስለሆነ ማንም አይደፍረውም። ስለዚህ የእኔ ጎማ ሲተነፍስ የሚቆመው ብስክሌት ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ሕጉም እዚያው መታጠፊያ ላይ ይቆማል።

ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በርክክቡ ዕለት በድንኳኑ ጥላ ሥር፣ ይህች ብስክሌት ካላማዳሪ የሚባል የውስጥ ላስቲክ ስለሌላት ካላማዳሪዋ ሊፈነዳ እንደማይችል አስረድተውን ነበር። ፀጉር የሌለው ሰው ፀጉሩ እንደማይበጠስ ሁሉ ይህም እውነት ሆኖ ስላገኘነው በጊዜው አጨብጭበናል። በካላማዳሪው ፈንታ ጎማው ውስጥ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ እንደሚገባና እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ ራሱ ቀዳዳውን እንደሚደፍነው ጨምረው ነገሩን። ፈሳሹ በእርግጥ ታታሪ ነበር፤ በመጀመሪያው ወር አንድ ረቡዕ ቀን ቀዳዳውን ከመድፈኑ በፊት ጀርባዬን በሙሉ ነጭ በነጭ አድርጎት፣ ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አይታኝ፣ “አይ ወንድሙ፣ ወተት ካማረህስ ነገ አይደርስም?” ብላ አልፋለች። እስከ ዛሬ የጾም ነገር ሲነሳ ቀና ብላ አታየኝም። በሁለተኛው ወር ግን የቆላው ሙቀት ፈሳሹን አድርቆት፣ አስፋልቱ ዳር ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታችን ሳልህ ጎማውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቅነቅ ካደረገው በኋላ፣ “ጋሼ ወንድሙ፣ ላሟ ነጥፋለች” ሲል በሐዘኔታ ነግሮኛል። የሚተካውን ወተት ከዴስክዎ በደብዳቤ ጠይቄ፣ “በሂደት ላይ ነው” የሚል መልስ ስለደረሰኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ የዚህች አገር ጎማ ሁሉ በሂደት ላይ እያለ ነው የሚተነፍሰው።

ሁለተኛ፦ ስለ ስፖንጁ። በሰነድዎ ላይ “የጎማ ውስጥ ድጋፍ ሰጪ አካል” ተብሎ የተመዘገበው፣ ጎማውን በውስጥ በኩል ዙሪያውን የሚሞላው የስፖንጅ ቀለበት፣ ጎማው ቢተነፍስ እንኳ ቸርኬው ድንጋይ እንዳይመታው የሚጠብቅ መሆኑን ተረድቻለሁ። እውነቱን ለመመስከር ጠብቆታል። ሰኞ ዕለት ቸርኬው አንዳች ጭረት ሳይነካው፣ በሙሉ ጤንነትና በሙሉ ክብር፣ ሦስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ቦዩ ጅራት ደርሷል። እንኳን ደስ ያለዎት።

ለምን እንደዘገየ ለማወቅ ከፈለጉ፣ የተነፈሰ ጎማ ላይ ባለ ስፖንጅ መንዳት ጎመን የጫነች አህያ ላይ ቆሞ እንደመሄድ ነው፤ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩት ኋለኛው ወደ ቀኝ ያስባል። ሁለት ጊዜ ቦዩ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። መንገድ ዳር ጥዬያት እንዳልሮጥ፣ የመንግሥትን ንብረት ጥሎ መሄድ እንደሚያስጠይቅ ስረከባት አስፈርመውኛል። በዚህ ላይ ያ ስፖንጅ የቦዩን ውሃ ጠጥቶ ስለነበር፣ ብስክሌቷ የምትገፋ ሳይሆን ከመኝታዋ የምትጎተት ሆና ነበር።

ሦስተኛ፦ በማግሥቱ ሳልህ ዘንድ ወሰድኳት። እንደ ድሮው ካላማዳሪ ከትቶ፣ ነፍቶ፣ በአሥር ደቂቃ ሊሸኘኝ አስቦ ጎማውን ለመክፈት ሲታገል ሁለት የብረት ማንሻ አጎበጠ፤ ሦስተኛውን ሲያጎብጥ ጎማው ተከፈተና ስፖንጁ ብቅ አለ። “ሱብሃነላህ! ጋሼ፣ ይሄ ጎማ አይደለም፣ ፍራሽ ነው። እኔን ትተህ ልብስ ሰፊ ጥራ” አለኝ። ቢሆንም ጎበዝ ነውና፣ ስፖንጁን አውጥቶ በቦታው ካላማዳሪ ሊያስገባ ሲል፣ እኔ በመመሪያው ቁጥር ሰባት መሠረት ከለከልኩት። እርስዎ እንደሚያስታውሱት ቁጥር ሰባት፣ ድጋፍ ሰጪው አካል ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በቃለ ጉባኤ ሳይወስን ከጎማው ውስጥ እንዳይወጣ ያዛል። ከሦስቱ አባላት አንዱ እርስዎ ነዎት፣ አንዱ ሥልጠና ላይ ናቸው፣ አንዱ ገና አልተቀጠሩም። ሳልህ ይህን ሲሰማ ጎማውን እንደ ተገኘ መልሶ ገጥሞ፣ ለድካሙ ምንም ሳይቀበል፣ “ወላሂ፣ ለእንደዚህ ዓይነት በሽታ ዱዓ ነው ያለው” ብሎ አሰናበተኝ።

አራተኛ፦ ሌሎቹም የብስክሌቷ አካላት ጎማው ብቻውን እንዳይወቀስ በማሰብ የበኩላቸውን አድርገዋል። ማርሽ መለወጫው በአንዲት የማሽላ አገዳ ተጠልፎ ተገንጥሏል፤ ማሽላ በሚበቅልበት ቆላ አገዳ የማይችል ማርሽ መላክ ምን ያህል ጥናት እንደጠየቀ ሳስበው ይደንቀኛል። የፔዳሉ ኩሽኔታ ደግሞ አቧራ ጠጥቶ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሰማ ጩኸት ያወጣል። ድሮ ያለ ተራቸው ውሃ የሚጠልፉትን ድንገት ደርሼ እይዛቸው ነበር፤ አሁን ግን ከየትኛውም በር ስደርስ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሰማይ ሲያይ አገኘዋለሁ። በሦስት ወር ውስጥ አንድም ሌባ አለመያዜን ዴስክዎ “የሥነ ምግባር መሻሻል” ብሎ ለበላይ አካል እንዳስተላለፈው ሰምቼ ኩሽኔታውን ግራሶ ከመቀባት ታቅቤያለሁ።

አምስተኛ፦ እስከዚህ ያስቀመጥኩት ቀልድ ቢመስልዎ አልቀየምም፤ ይህኛው ግን አይደለም። ሰኞ ጎማው ባረፈበት ሰዓት ወደ ደረጄ በር እየሄድኩ ነበር። ደረጄ ማሳው ቦዩ ራስ ላይ ነው፤ ተራው አራት ሰዓት ላይ ያበቃል። ከእሱ ቀጥሎ ከአራት እስከ ሰባት ያለው ተራ፣ ጅራቱ ላይ ሩብ ሄክታር ሽንኩርት ብቻዋን የምታለማው የወይዘሮ ፈለቀች ነው። እኔ ብስክሌት ስገፋ የደረጄን በር የሚዘጋው ስላልነበረ፣ ውሃው ከአራት ሰዓት በኋላም ወደ ማሳው ሲፈስ ቆየ። ደረጄ መጀመሪያ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ ሲመኝ ነበር፤ ሽንኩርቱ በውሃ ተውጦ መበስበስ ሲጀምር ምኞቱን አሻሽሎታል፤ አልጽፈውም። የሱን በር ዘግቼ ጅራቱ ስደርስ የወይዘሮ ፈለቀች ሰዓት አልቆ ነበር። ያመለጠ ተራ ደግሞ አይመለስም፤ ከመለስኩላት ከኋላዋ ያለውን እበድላለሁ።

እናም አንድ ጎማ አንዱን ሽንኩርት አሰምጦ ሌላውን አስጠማ። በአንድ እሾህ እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ ፕሮጀክት አላየሁም። ወይዘሮ ፈለቀች አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ዳር ላይ ቁጭ ብላ፣ የተሰነጣጠቀውን መደብ በጣቷ እየነካች፣ ስለ ኮሚቴው ሳስረዳት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ “እንግዲህ ቃለ ጉባኤውን ላጠጣው?” አለችኝ። ሽንኩርቷ አሁን ራስ የሚቋጥርበት ጊዜ ነው። ቀጣዩ ተራዋ የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ያም ካለፋት የምትሰበስበው ቅጠል ነው፤ ዓመቱን የምትኖረው ደግሞ በዚያ ሽንኩርት ነው።

ስድስተኛና የመጨረሻ፦ አዲስ ነገር አልጠይቅም። አሥራ አራት ዓመት ያገለገለችኝን፣ ማርሽ የሌላትን፣ ባለ ካላማዳሪዋን አሮጌ ብስክሌቴን ይመልሱልኝ። አዲሷን ለመረከብ አሮጌዋን ማስረከብ ግድ ነው ተብዬ የሰጠኋት ናት። ከደረጄ በር እስከ ወይዘሮ ፈለቀች በር በእግሬ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በእሷ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። እሾህ ሲወጋት ላስቲኳን አውጥቼ፣ ማስቲሽ ቀብቼ፣ ቁራጭ ለጥፌ፣ በፖምፓ ነፍቼ እቀጥላለሁ፤ ኮሚቴው እኔና ምራቄ ነን።

በመዝገብዎ ላይ “ከአገልግሎት ውጪ የሆነች፣ በመጋዘኑ አጥር ተደግፋ የምትገኝ” ተብላ መስፈሯን አውቃለሁ። ከአገልግሎት ውጪ ሆና ሳለ የመጋዘኑ ጥበቃ አቶ ለማ በየጠዋቱ ቁርስ ቤት ሲመላለስባት ሳያት ልቤ ተነክቷል፤ በጡረታ ላይ ያለ አካል እንዲህ ሲተጋ ማየት ለወጣቱ ትልቅ ትምህርት ነው።

የተከበረው እጅዎ ይህን ወረቀት ለመያዝ ከብዕር በመላቀቁ እያዘንኩ፣ መንገድዎ ሁሉ አስፋልት፣ አስፋልትዎ ሁሉ ጥላ፣ ወንበርዎ ሁሉ ባለ ስፖንጅ ይሁን ስል የእግሬን ትቢያ ሳላራግፍ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ወንድሙ ወልደሰንበት
የለምለም ቦይ የውሃ አባት፣ በአሁኑ ጊዜ እግረኛ
ሸዋ ሮቢት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ፈለቀች፣ ከማሳዋ ዳር
ለሳልህ ጎሚስታ፣ ለጎበጡት ሦስት ማንሻዎች ማጽናኛ ይሆን ዘንድ

ማስታወሻ፦ ኮሚቴው ወደፊት ተሟልቶ ከተሰበሰበ፣ ስብሰባውን በብስክሌቷ የኋላ ጎማ ዙሪያ ተቀምጦ እንዲያደርግ እመክራለሁ። ስፖንጁ ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ብዙ የመቀመጥ ልምድ ላለው አካል ደግሞ ከዚህ የተሻለ ድጋፍ ሰጪ አይገኝም።

እርማት፦ ይህ ደብዳቤ ሰሌዳ ላይ በወጣበት ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ የሚከተሉት ስሕተቶች ስለተገኙ እንዲስተካከሉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። “አሮጌዋ ብስክሌት በመጋዘኑ አጥር ተደግፋ ትገኛለች” የሚለው፣ “አዲሷ ብስክሌት በመጋዘኑ አጥር ተደግፋ ትገኛለች” ተብሎ ይነበብ፤ ሁለት ጎማ ወጥቶ ሁለት ጎማ ስለገባ፣ ከነስፖንጁም ስለሆነ፣ ቆጠራው ላይ ጉድለት የለም። “አቶ ለማ በየጠዋቱ ቁርስ ቤት ይመላለስባታል” የሚለው፣ “አቶ ለማ ዛሬ ቁርስ ቤት በእግሩ ሄዶ፣ ቀስ ብሎ በልቶ፣ ሲመለስ ምንም አላየም” ተብሎ ይነበብ። “የወይዘሮ ፈለቀች ሽንኩርት ተጠምቷል” የሚለው ደግሞ፣ “ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጠጥቷል” ተብሎ ይነበብ። ከሃያ አምስቱ የመንገድ ደቂቃ በላይ አምስት ደቂቃ የዘገየሁት ዋርካው መታጠፊያ ላይ እሾህ ስለወጋኝ ነው፤ ተለጥፏል።