ሲሚንቶው እስኪጠነክር

ይድረስ ለናፈቅኸን ልጃችን፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከእናትህ ዳሌ በቀር ደህና ነን። ሐሙስ ሆስፒታል ገብታ የተበላው መገጣጠሚያዋ በብረት ሊተካላት ነው።

ሐኪሙን «ብረቱን በምን ነው የምታጣብቁት?» ብለው፣ ሁለት መንገድ አለ አለኝ። ጠንካራ አጥንት ሸካራውን ብረት ራሱ እያደገ ይይዘዋል፤ የእሷ ስለሳሳ ግን በሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ሲለኝ ልቤ መለስ አለልኝ፤ አርባ ዓመት ግንበኛ ሆኜ ያቦካሁት ነገር! «እንግዲያው መጀመሪያ አጥንቱን በደንብ አርሱት» አልኩት። ሳቀብኝ። እነሱ አጥበው ያደርቁታል እንጂ እኛ ድንጋይ እንደምናርሰው አይደለም። ደግሞ በሩብ ሰዓት ይጠነክራል አለ፤ እኔ ሳምንት ሙሉ ውሃ ሳጠጣው የኖርኩትን!

«እስኪጠነክር ምን ትሠራላችሁ?» ስለው፣ «ሲሚንቶው አንዳንዴ ልብ ያደክማልና፣ ልቧንና ትንፋሿን እንከታተላለን» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም።

ስትመለስ እንዳያደናቅፋት የመታጠቢያ ቤቱን ደፍ አፍርሼ አስተካከልኩላት። እሷም ሥራ አልፈታችም፤ ጨው የቱ ዕቃ ውስጥ እንዳለ፣ የክረምቱ ብርድ ልብስ የት እንደተቀመጠ ስታሳየኝ ዋለች። «ክረምት እኮ ገና ስድስት ወር ይቀረዋል» ብላት፣ ቁም ሣጥኑን ዘጋችው።

እናትህ ጉንጭህን ስማሃለች። ሐሙስ ስልክህን ከእጅህ አታውርድ፤ እንዲያው ድምፅህን ለመስማት ያህል ነው።

ደህና ሁንልን፤
አባትህ