«ሚካኤል» የሚለው ፎልደር

ሰኞ፣ ጥቅ. 10፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ከት/ቤት ገባሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ዴስክቶፑ ባዶ። የሰው ላፕቶፕ የከፈትኩ መስሎኝ ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። የራሴው ነው።

ደሳለኝ ነው፣ ባሌ። መዝገብ ቤት ስለሚሠራ የተዝረከረከ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ባሕር ዳር ለሥልጠና በሄድኩበት ሳምንት ላስተካክልላት ብሎ ነው። አስተካክሎልኛል! ፎቶ ከፎቶ፣ ጽሑፍ ከጽሑፍ፣ ድምፅ ከድምፅ፤ ሁሉም በመዝገብ ቁጥር። የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ፈተናና የእህቴ የሰርግ ጥሪ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ሁለቱም «ጽሑፍ» ስለሆኑ።

እሱ ደግሞ ምስጋና ይጠብቃል። ደብተሬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11

የጉና የድምፅ ቅጂዎቼ የሉም።

የማስተርስ ጽሑፌ ጉና ተራራ ላይ ስለጠፉ የገብስ ዘሮች ነው። ገበሬ በሥራ ቀን ቁጭ ብሎ አያወራሽም። በበዓል ግን አያርስም፣ ቤቱ ይገኛል። ስለዚህ የምወጣው በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ ነው፤ ፎልደሮቹንም በየበዓሉ ስም ሰየምኳቸው። «ሚካኤል» ማለት ለእኔ እትዬ የሺ ናቸው፤ ጉና ግርጌ፣ ያ ብርድ፣ ያ ጭስ፣ እሳቸውና ጥቁር ገብሳቸው። የእሳቸው ቅጂ መጨረሻው ተቆርጧል፣ ስልኬ መሐል ላይ ሞልቶ። ቢሆንም ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

አማካሪዬ ሰኞ ቅጂዎቹን ይዘሽ ነይ ብሎኛል። ካልሆነ ምረቃው ለከርሞ።

ሰርች ላይ «ሚካኤል» ብዬ ጻፍኩ። ምንም። «ማርያም»። ምንም።

ራት ላይ ደሳለኝን ጠየቅኩት። ረጋ ብሎ፣ መንፈሳዊዎቹን ለብቻ አወጣኋቸው አለኝ። የምን መንፈሳዊ? ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፤ መዝሙር መስሎታል! ዲስኩ ሞልቶ ቀይ ስላሳየው ወደ ፍላሽ አወጣቸው። ኮፒ አላደረገም፣ ቆርጦ ነው የወሰደው። ፍላሹስ? ለእናቱ ልኮላቸዋል። ሐሙሲት። ስፒከራቸው ላይ ሰክተው እንዲሰሙ።

ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። አንዱን እንኳ ከፍቶ አልሰማም። ስሙን አይቶ ብቻ!

ረቡዕ፣ ጥቅ. 12

ዛሬ ሚካኤል ነው። ይኼ አሽሙር ካልሆነ ምንድን ነው።

ስልኬ ላይ ፈለግኩ። የለም፤ ቦታ እንዲለቅ ብዬ በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁ። ላፕቶፑን ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። የጠፋ ይመልሳል የተባለለት ፕሮግራም ሲቆፍር ውሎ የደሳለኝን የድሮ ጉርድ ፎቶ አወጣልኝ። ጢም ነበረው።

አማቴ ጋ ደወልኩ። እማማ ጥሩነሽ እኔን ብዙም አይወዱኝም፤ ያገባች ሴት በበዓል ቀን ተራራ ለተራራ መዞሯ አይዋጥላቸውም። ፍላሹን በሹፌር ይላኩልኝ አልኳቸው። አልክም አሉ፤ ስብከቱን ገና አልጨረሱትም።

ስብከቱን!

አርብ፣ ጥቅ. 14

ከደሳለኝ ጋር አንነጋገርም። ጨው እንኳ በምልክት ነው።

ዛሬ ላፕቶፑን ስከፍት ዴስክቶፑ መሐል ደሳለኝ በስሜ የከፈተው አንድ ፎልደር አለ። «የአስካል። አይነካ።» ይላል። ከፈትኩት፣ ውስጡ ባዶ ነው። በአንድ በኩል ልቤ ራራ፣ በሌላ በኩል ላፕቶፑን በመስኮት መወርወር አማረኝ። አሁን አይነካ ማለት ምን ያደርግልኛል?

ነገ ሐሙሲት እሄዳለሁ። ብጣላም ልጣላ።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 15፣ ማታ

ሚኒባሱ ወረታ ላይ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ግማሽ ቀኔን በላው። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ በአክብሮት፣ ግን መራራ።

ደጃፋቸው ስደርስ የእትዬ የሺ ድምፅ ከቤት ውስጥ ይሰማል። ያ የጉና ድምፅ፣ ሳል ያለበት። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። እማማ ጥሩነሽ ስፒከሩን ቁምሳጥን ላይ አድርገው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብለዋል። መዝሙርም ስብከትም አለመሆኑን በመጀመሪያው ቀን አውቀዋል፤ ስብከት ያሉኝ ፍላሹን ላለመስጠት ነው፤ ግን የሰው ታሪክ ተጀምሮ እንዴት ይዘጋል?

በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። ሰማን። በረዶው አዝመራውን የመታ ዓመት። ቤት ውስጥ የቀረው ለዘር የተሰቀለው ጥቁር ገብስ ብቻ። ልጃቸው ቆሎ ቆሎ እያለች ታለቅሳለች፤ ዘሩን ከተሰቀለበት አወረድኩና ይላሉ እትዬ የሺ፣ እዚያ ላይ ቀጥ ይላል።

እማማ ጥሩነሽ ዞረው አፈጠጡብኝ። ተቆጥተዋል፣ የምር።

«ምነው ትቆርጭዋለሽ? ልጂቱስ? ቆላችላት ወይስ ዘሩን መልሳ ሰቀለችው?»

ስልኬ ሞልቶ ነው ብል አይገባቸውም። ግን እዚያው ነበርኩ እኮ! የሞላ ስልክ በእጄ ይዤ እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ። ደብተሬ፣ ይኼ በየትኛውም ፎልደር የለም፤ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው። ነገርኳቸው። ዘሩን በሙሉ ቆሉት። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን፣ እስኪያልቅ። ልጅቷ ተረፈች። ገብሱ ግን ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አልተዘራም።

እማማ ጥሩነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንኳን ቆላችው» አሉ። «እንኳንም ቆላችው።»

ከዚያ ፍላሹን ነቅለው፣ በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው ሰጡኝ።

እሁድ፣ ጥቅ. 16

ሁሉንም ላፕቶፑ ላይ መለስኩ፣ ሌላ ፍላሽ ላይም ደገምኩ። ደሳለኝ አጠገቤ ቆሞ አየ። ሚካኤልን ከድምፅ ወይስ ከጽሑፍ እንመድበው ብሎ ሊጠይቀኝ መሰለኝ፣ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ገና አልበረደልኝም። ያፈላልኝን ሻይ ግን ጠጣሁለት።

እናቱ ለኅዳር ሚካኤል ጉና ይዘሽኝ ውጪ ብለዋል። እሺ ብያለሁ። ምን ልበል?

ምዕራፍ አራትን ከፈትኩ። ዘሮቹ የጠፉበት ምክንያት የሚል ሠንጠረዥ አለኝ፤ ለሁሉም ውርጭ፣ ዋግ፣ የተሻሻለ ዘር እያልኩ ሞልቼዋለሁ። አማካሪዬ የታሪኩ መጨረሻ ቅጂው የት አለ ብሎ ይሟገተኛል፤ ይሟገተኝ። ከእትዬ የሺ ጥቁር ገብስ አጠገብ ያለውን ምክንያት አጠፋሁት። እንዲህ ብዬ ነው የማስገባው፦ ልጅ ስለተራበች ተቆላ።