የግራ ጫማ ሽምብራ

ስካይዌይ፣ ሲያትል
ኅዳር 2005 ዓ.ም.

ለከበሮ ጓዴ፣ ለቀኝ ጎኔ ሰው፣

አሰላሙ ዓለይኩም ብዬ ልጀምር፤ አንተ ደግሞ እንደ ድሮህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ መልስልኝ። እንዴት ከረምክ? ጉልበትህስ? ጾሙ ገብቷልና መቼም ቡታጅራ ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ፣ ኪስህን ቆሎ ሞልተህ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ጆሮህም ያው እንደተዘጋ ነው ብሎ ልጅህ ለልጄ ለአንሳር ነግሮታል። ደብዳቤ ያስጻፍኩት ለዚህ ነው። ስልክ ላንተ ምን ይሠራል? አንተ ፊደል ስለቆጠርክ ዐይንህ ጆሮ ይሆንልሃል። እኔ ያው እንደምታውቀኝ ነኝ፤ በሰው እጅ ነው የምጽፈው።

እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ስኳሩም ግፊቱም አሉ፣ ግን አላስቀመጡኝም። ጆሮዬም ደህና ነው፤ ማንም ቢጠይቅህ ደህና ነው በል። እዚህ አገር ግን ሰዉ አፉን ሳይከፍት ነው የሚያወራው። ስልኩም ዘንድሮ ተበላሽቶብኝ ሰው ሁሉ ውስጡ ያንሾካሹካል። አንሳር ሌላ ገዛልኝ፣ እሱም የባሰ ዕቃ ነው።

የምትጽፍልኝ ናፊሳ ናት፣ የልጄ የአንሳር ሚስት። ከፊቴ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። የምልሽን ሁሉ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊ ብያታለሁ፣ ስላንቺ የምናገረውንም ጭምር። ነገሩ የኔና የሷ ክርክር ነዋ። ዳኛው አንተ ነህ።

የልጅ ልጄን ሂባን በፎቶ አይተሃታል። አሁን አሥራ ሰባት ሆኗታል። ትምህርት ቤቷ ባንድ ውስጥ ታምቡር ትመታለች። ከማን እንደወረሰችው አልነግርህም፣ ገምት። ባለፈው ወር መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና «አባባ፣ ቅዳሜ ክሊኒክ አለኝ፣ አብረኸኝ ና» አለችኝ። አንቱ ማለት አታውቅም፣ እኔም ትቼዋለሁ። ክሊኒክ ስትል ምን አመመሽ ብዬ ደነገጥኩ። ሳቀችብኝ። ለካ ልጆቹ ተሰብስበው የከበሮ ሙያ የሚማሩበትን ቀን ነው እንዲያ የሚሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድረም ኮር የሚሉት አለ። ልክ እንደኛ ማርሽ ባንድ ነው፣ ግን ወታደር የለበትም፤ ሁሉም ወጣት ነው። ትምህርት ሲዘጋ፣ ሰመር የሚሉትን የሙቀት ወራት ሙሉ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ጂም በሚሉት የትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ እየተኙ፣ በየስታዲየሙ ይሰለፋሉ። ለመግባት ጥር ላይ ኦዲሽን የሚሉት ፈተና አለ። ክሊኒኩ ለዚያ ማዘጋጃ ነው፤ አሰልጣኙ ትችላለህ ያለውን ብቻ ነው ወደ ፈተናው የሚልከው።

ናፊሳ አይሆንም አለች። ያላገባች ልጅ ሰመሩን ሙሉ መንገድ ላይ? ከማታውቀው ወንድ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር? ደግሞ ረመዳን የሚውለው እዚያው መሐል ላይ ነው፤ በዚያ ፀሐይ ከበሮ ተሸክማ እንዴት ትጾማለች? ሰው ምን ይለናል? ይህን ሁሉ አለች፣ ባዶ ነገርም አልተናገረችም። እኔ ልጅቷን ደገፍኩ። ቤቱ ሳምንት ሙሉ ኩርፊያ ሆነ። ኋላ አንሳር መሐል ገብቶ፣ አባባ ሄደው ይዩት፣ አይተው የሚሉትን እንሰማለን አለ። ናፊሳም እሺ አለች። እንግዲህ የሄድኩት እንደ አያት ብቻ አይደለም፣ እንደ ምስክር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አንሳር ማውንትሌክ ቴራስ ድረስ ወስዶ ድሮፕ አደረገንና ወደ ሱቁ ተመለሰ። ናፊሳ ሥራ ነበረች። ዝናብ ነው፤ እዚህ ኅዳር ማለት ዝናብ ማለት ነው። አንድ ትልቅ ጂም ውስጥ ገባንና እኔ ከወላጆቹ ጋር ደረጃ ደረጃ ባለው የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ከበሮ የለም። እኛን መቶ አለቃው ባዶ የጥይት ሣጥን ላይ ሲያስመታን እንደከረመው፣ እነሱም ላስቲክ የተለበጠ ሰሌዳ ላይ ነው የሚጀምሩት። አሰልጣኙ ከታኮማ የመጣ ቀጭን ፈረንጅ ነው፣ ፂሙ ቀይ። የመምቻው ጫፍ ከሰሌዳው ስንት ጣት እንደተነሳ ጎንበስ ብሎ ያያል። አንዱ ልጅ ትንሽ ከፍ ካደረገ ሁሉም እንደገና ይጀምራሉ። ወደድኩት። እውነቱን ልንገርህና ለሌላ ሰው እንዳታወራ፤ እነዚህ ልጆች እኛ በጉብዝናችን ያልመታነውን ነው የሚመቱት። እጃቸውን በዐይንህ አትይዘውም። የሂባ እጅ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። አያቷ ስለሆንኩ ነው የምትል እንደሆነ፣ አዎ፣ ስለሆንኩም ነው፤ ግን አሰልጣኙም ብሏል።

ከዚያ ከበሮ አንሱ ተባሉ። እንደኛ በቆዳ ማንገቻ አንገታቸው ላይ አያንጠለጥሉትም፣ በብረት ነው ትከሻቸው ላይ የሚያስሩት። የማንገቻው ጠባሳ አንገትህ ላይ አሁንም አለ? የኔ አለ። እንግዲህ ባሉበት ቆመው እግር እያነሱ መምታት ሲጀምሩ ጉዱ መጣ። ሁሉም ግራውን ሲያነሳ ሂባ ቀኟን አነሳች። አሰልጣኙ እጁን ዘረጋ፣ ቆሙ። እንደገና አስጀመራቸው። አሁንም ቀኝ። ከረድፉ መሐል እንደ ተጣመመ ጥርስ እሷ ብቻ ትታያለች።

ወዲያው ገባኝ። ናፊሳ ይህችን ልጅ ከተወለደች ጀምሮ በቀኝ ጀምሪ እያለች ነው ያሳደገቻት። በቀኝሽ ብዪ፣ ቀኝ ጫማሽን አስቀድሚ፣ በቀኝ እግርሽ ግቢ። ደግ አደረገች፤ እኔንም እናቴ እንደዚያ ነው ያሳደገችኝ። ግን እጅ ሥራ ሲበዛበት እግር ወደ ለመደው ይሄዳል።

ለምሳ ሲለቋቸው መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳንድዊቿን አልነካችም። ምን አለሽ ስላት ፊቷን ወደዚያ አዙራ አወራች። ወደኔ ዞረሽ ንገሪኝ አልኳት። ዞረች፤ ዐይኗ ውሃ ሞልቷል። አሰልጣኙ፣ እጅሽ ግሩም ነው፣ እግርሽ ግን እስከ ከሰዓቱ ትርኢት ካልተስተካከለ ልልክሽ አልችልም ብሏታል። «ሶ፣ አለቀ» አለችኝ። ልጅቷ ይህን ነገር ስንት ዓመት እንደተመኘችው እኔ ነኝ የማውቀው። ጓሮ ውስጥ ባልዲ ገልብጣ ስትመታ ጎረቤት ሲጮህባት፣ ከጎረቤት ጋር የተጣላሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ።

ነገሌን፣ የጦር ሰፈራችንን ታስታውሳለህ? ያንን ቀይ አፈር፣ ጥሩምባዎቹን ስንወለውል እጃችን ላይ የሚቀረውን የነሐስ ሽታ፣ ባንዲራ ሲሰቀል ውሾቹ ሁሉ አብረውን ሲያላዝኑ? ጄኔራሉ ሊጎበኙን ሲሉ እኔ ገና አዲስ ገብቼ ነበር። እኔም በቀኝ ነበር የምነሳው። መቶ አለቃው፣ ነገ በቀኝ ከተነሳህ ታምቡርህን አስረክበህ ወጥ ቤት ትገባለህ አለኝ። ለወጥ ቤት ብዬ አይደለም ከአባቴ ቤት የጠፋሁት። በጠዋቱ ተሰልፈን ስንጠብቅ አንተ ጾመኛው ሽምብራ ትቆረጥማለህ። ከኪስህ ጠንካራዋን መርጠህ፣ ጎንበስ ብለህ ግራ ቡትስ ጫማዬ ውስጥ ጣልካት። «ስትረግጥ የሚቆረቁርህ እሱ ግራህ ነው፤ እሱን አስቀድም» አልከኝ። ያን ቀን ክፍለ ጦሩ በሙሉ በኔ ታምቡር እግሩን አነሳ። ጄኔራሉ፣ ያ የሚያነክሰው ታምቡረኛ ማነው ብለው ጠየቁ እያልክ እስከ ዛሬ ታወራለህ አሉ። ውሸት ነው። አላነከስኩም።

ኪሴ ውስጥ ከአንሳር ሱቅ ያነሳሁት ቆሎ ነበረ። ገብሱን ለይቼ አንዲት ሽምብራ አወጣሁና የግራ ጫማሽን አውልቂ አልኳት። «አባባ፣ ሶ ዊርድ!» አለችኝ፤ ምን ዓይነት እብደት ነው ማለቷ ነው። እብደትም ይሁን ምን አውልቂ አልኳት። አወለቀች። ያንተን ነገር ነገርኳት፣ ጄኔራሉንም ቡትስ ጫማውንም። ሳቀች። ግን እግሯን ልታስገባ ስትል ቆም አለችና፣ እማዬ በቀኝ ነው ትላለች፣ በግራ መጀመር ሐራም አይሆንም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከምሯ ነው። ለካ እግሯ ብቻ አልነበረም እምቢ ያለው።

«መስጊድ ስትገቢ በየትኛው እግርሽ ነው?» አልኳት።

በቀኝ አለች።

«ስትወጪስ?»

አሰበችና በግራ አለች።

«በይ፣ ይሄ መውጫ ነው» አልኳት። «ሲወጡ በግራ ነው። ሲመለሱ በቀኝ። እናትሽ ያስተማረችሽን አንዱንም አላፈረስሽም።»

ናፊሳ፣ እዚህ ላይ ምነው እስክሪብቶሽ ቆመ? ቀጥዪ እንጂ። ይኸውልህ፣ አንገቷን እንደደፋች ናት። ዝም ማለት የሷ አይሆንም ነው፤ እኔ አውቃታለሁ።

ከሰዓት ትርኢቱ ሆነ። ለወላጁ ሁሉ ቢጫ የጆሮ መድፈኛ አደሉ። እኔ መለስኩላቸው፤ የከበሮ ሰው ጆሮውን አይደፍንም። ልጆቹ ተሰልፈው ገቡ። ዐይኔን ከሂባ ግራ ጫማ አልነቀልኩም። አሰልጣኙ እጁን ሲያነሳ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ጄኔራሉ ፊት እንኳ እንዲያ አልያዝኩም።

ግራዋ ተነሳ።

ሽምብራዋ ስትቆረቁራት ፊቷ ጭምድድ ሲል አየሁት። ሁለተኛም ግራ፣ ሦስተኛም። ከዚያ ፊቷ እየተፈታ፣ እየተፈታ ሄዶ የድሮ ልጅነቷ መጣ። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ የታቀፈችው ሕፃን አፉን በልቅጦ ያለቅሳል፣ እናቱ ሁለት ጆሮውን በመዳፏ ይዛዋለች። እኔ መዳፌን የተቀመጥኩበት እንጨት ላይ ዘረጋሁት። ያኔ ከበሮው መጣልኝ። በእንጨቱ በኩል በእጄ ገብቶ፣ ወጥቶ ወጥቶ ደረቴ ውስጥ ቆመ። እኔ ንግድ ብዬ ከባንዱ ስወጣ አንተ ቀረህ፤ ጆሮህ ከተዘጋ ወዲያም አልወጣም ብለህ ትመታ ነበር። ልጠይቅህ መጥቼ፣ እንዴት ነው የምትሰማው ስልህ፣ ትልቅ ከበሮ በደረት ነው የሚሰማው አልከኝ። ትቀልዳለህ ብዬህ ነበር። አልቀለድክም።

ሲያልቅ አሰልጣኙ መጥቶ ጨበጠኝ። ያለኝን አልያዝኩትም፤ እንግሊዝኛ ነው። ሂባ ግን በአንድ እግሯ እየዘለለች ነው የመጣችው። ይልካታል።

እንግዲህ ምስክርነቴ ይህ ነው። እኔ አየሁ፣ ትሂድ እላለሁ። ለረመዳኑ መንገደኛ ፈቃድ አለው፤ ያልጾመችውን ስትመለስ ቀዷ ታወጣለች፣ በሌላ ቀን ትተካዋለች። ወንድ ያልሽው፣ ናፊሳ፣ እነዚያን ልጆች ቀኑን ሙሉ አይቻቸዋለሁ፤ ከመምቻቸው ሌላ የሚያዩት ነገር የላቸውም። ሰው ምን ይለናል ላልሽው ደግሞ፣ እኔ ለከበሮ ብዬ ስጠፋ አገሩ ሁሉ አባቴን ያልሆነ ነገር ብሎታል። ኋላ በዚያው ከበሮ ደመወዝ ነው ያ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው። አባቴ ግን በሩን ተቆጥቶ እንደ ዘጋው ነበር፤ ሳይከፍትልኝ ሞተ። ሂባ በግራ ስትወጣ ደጁ ተከፍቶ ቢጠብቃት ነው የምለው። ያለዚያ በቀኝ የምትመለስበት ቤት ከየት ታመጣለች?

እኔ ለምኜ አላውቅም፣ አንተም ታውቀዋለህ። አሁን ግን እለምንሃለሁ። ደብዳቤው እንደ ደረሰህ ለናፊሳ ሁለት መስመር ጻፍላት፣ ከጥር በፊት። የሽማግሌ ቃል ታከብራለች። እኔን አትሰማኝም። ይኸው ይህን ሁሉ ሳስጽፋት አንዲት ቃል አልመለሰችልኝም።

በል፣ ጾሙን ያቅልልህ። የተዘጋው ጆሮህ ክፉ ወሬ አይስማ፣ ደረትህ ግን ከበሮ አይጣ። ልጆችህ በፊትህ ይቁሙ። በግራ የወጣውን ሁሉ በቀኝ የሚመልስ አላህ፣ ሳንሞት አንድ ቀን ጎን ለጎን ያቁመን። አሚን በል፤ እዚህ ሆኜ አውቀዋለሁ።

የግራ ጎንህ ታምቡረኛ


ጋሼ፣ ይህን ከታች የጨመርኩት እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። አላነበብኩላቸውም። ለኔ መልስ ለመጻፍ አይድከሙ፤ ለሳቸው ግን ይጻፉላቸው፣ ይናፍቁዎታል። የመስጊዱን ነገር ሲያስጽፉኝ እስክሪብቶዬን አቁሜ «እሺ አባባ፣ ትሂድ» ብያቸው ነበር። አሁን ሲመርቁም ደገምኩላቸው። ሁለቱንም ጊዜ አንገቴን እንደደፋሁ ነው የተናገርኩት። ቀጥዪ አሉኝ።

ቅዳሜ ማታ የሂባን ጫማ ለማድረቅ ሳራግፍ ሽምብራዋ ወደቀች። ምን እንደሆነች ሳላውቅ መስኮቱ ላይ አስቀምጬያት ነበር፤ አሁንም እዚያው ናት። እሳቸው ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እየመቱ ፖስታውን እስክዘጋ ይጠብቁኛል። ልዝጋውና ቀና ብዬ፣ ፊታቸውን እያየሁ እነግራቸዋለሁ።